ደብዝዟል ያልኩት ፎቶ

ጁላይ 2፣ ሐሙስ

የአደን ካምፑ ተከፈተ። ብዋና ሄንድሪክ፣ የካምፑ ጌታ፣ ሁላችንንም ሰብስቦ የዓመቱን ሥራ ሲያከፋፍል እኔ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። «ዮታም፣ ያምናዎቹን ፎቶዎች ደግሜ አየኋቸው። የሬሳ ፎቶ ናቸው» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የሞተ እንስሳ ታዲያ የሬሳ ሳይሆን የምን ፎቶ ሊወጣው ነው? ግን ከሳቁት ጋር ሳቅኩ። እንግዶቹ ከባሕር ማዶ ለአደን የሚመጡት ፎቶ አይተው ነው፤ ፎቶው ካልማረካቸው ወደ ሌላ ካምፕ ይሄዳሉ፣ እኔም ወደ ቆዳ ገፈፋዬ እመለሳለሁ ማለት ነው። ከዚያ ሽታ የወጣሁት ስንት ዓመት ለምኜ ነው።

ደንቡን ደግሞ አስጠናኝ። ደሙን ጥረግ። ምላሱን ወደ አፉ መልስ። ፊቱን የጋረደውን ሣር ንቀል። ተንበርከክ፣ ካሜራው ከእንስሳው ዓይን ጋር እኩል ይሁን። የአዳኙን ባርኔጣ ገፋ አድርግለት፣ ፊቱ ላይ ጥላ እንዳይጥል። እኔ የጨመርኩት አንድ ብልሃት አለኝ፤ የሞተው ዓይን ላይ ትንሽ ውኃ ጠብ አደርጋለሁ። ብርሃን ሲያርፍበት በሕይወት ያለ ይመስላል።

ዘንድሮ ግን ሌላም አምጥቷል። ከመተኮሱ በፊት፣ እንስሳው ቆሞ እያለ አንሳው አለኝ። እንግዲህ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ቆሞ ያለ ጎሽ ፊት ጠመንጃ ሳይሆን ካሜራ ይዞ መንበርከክ!

«አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጫካ የሚገባ ሰው አንተን ብቻ አየሁ» ይለኛል ቢዜክ፣ የካምፑ ዱካ አንባቢ። የሚስቴ የጄሊታ አጎት ነው፣ የእናቷ ወንድም። ስለዚህ ቢሰድበኝም ስቄ ነው የምቀበለው።

ጁላይ 5፣ እሑድ

እረፍት። መንደር ነኝ። የእኔ ሳይሆን የጄሊታ መንደር፤ ባል ወደ ሚስቱ አገር ነው የሚገባው። ጄሊታ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ጣሪያችን ከኦክቶበር በኋላ የሚመጣው ዝናብ ሳይደርስ መታደስ አለበት ትላለች።

ዛሬ አማቴን መንገድ ላይ አገኘኋት። እንደ ደንቡ ከመንገዱ ወጥቼ፣ ፊቴን አዙሬ፣ አንገቴን ደፍቼ እስክታልፍ ቆምኩ። አናግሬያት አላውቅም። ፊቷን ትክ ብዬ አይቼው አላውቅም። ስሟን በአፌ አላነሳም፣ እዚህም አልጽፈውም። የማውቀው እግሯን ነው። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ጎብጣ ጎረቤቷ ላይ ወጥታለች።

ይሄ ክልክል ዘላለማዊ አይደለም። አማች ዶሮ ይዞ አማቱ ደጃፍ ይሄዳል፤ ከተቀበለችው ከዚያ ወዲያ ይነጋገራሉ። እኔ «ዛሬ ነገ» እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ጄሊታ ንፉግ ትለኛለች። ንፍገት አይደለም፤ ሴትዮዋን እፈራታለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም።

ጁላይ 9፣ ሐሙስ

ዛሬ ጎሹ ፊት ተንበረከክሁ።

ቢዜክ ወባ ይዞት መንደር ቀርቷል። እኔ፣ ብዋና፣ ሹፌሩ ላክሰንና እንግዳው፤ አንገቱ ቲማቲም የመሰለ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ሳቂታ። ጎሾቹን ሰንበሌጡ ዳር፣ ረግረጉ አፍ ላይ በጠዋት አገኘናቸው።

የፎቶ ሕግ ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ ይላል። የአደን ሕግ ነፋስን ከፊትህ አድርግ ይላል። እኛ ሸለቆ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ነፋሱም የሚመጣው ከፀሐይ መውጫ ነው፣ ሁለቱ አይስማሙም። ቢዜክ ቢኖር አንዷንም እርምጃ አያስኬደንም ነበር። እኔ ነኝ በጆሮው «ብዋና፣ ከዚህ ፊቱ ጥቁር ነው የሚወጣው፤ በዚያ በኩል ብንዞር» ያልኩት። አየኝ፣ ጎሾቹን አየ፣ እንግዳውን አየ። «ፈጠን በሉ» አለ። ዞርን።

ብርሃኑ ወርቅ ነበር። ትልቁ ወንድ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ወደኛ አነሳው። ጠረናችን ደርሶታል። እኔ ስጫን፣ እሱ ሲዞር፣ እንግዳው ሲተኩስ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነ። ከዚያ አቧራ ብቻ።

ብዋናና ላክሰን ጥቂት ሄደው ተመለሱ። «ስቷል» አለ ብዋና። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ካሜራህ ያዘው?» አለኝ።

«ደብዝዟል» አልኩ።

ፎቶውን ገና አላየሁትም ነበር። ፊቱ ላይ የሚፈልገውን መልስ አይቼ ነው የሰጠሁት። ቆስሎ የጠፋ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ እንግዳው ሌላ ጎሽ አያገኝም፣ አደኑ ይቆማል፣ አውሬው እስኪገኝ ዱካው ይታሰሳል፣ መንደሮቹም ይነገራቸዋል። ስቷል ከተባለ ግን ምንም የለም።

ጁላይ 10

እንግዳው ሌላ ጎሽ ጣለ። በንጹሕ ጥይት። ፎቶው ጥሩ ነው። ብዋና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። መሽቷል፣ ደክሞኛል።

ጁላይ 13፣ ሰኞ

አየሁት።

ፎቶውን አጎላሁት፣ ደግሜ አጎላሁት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። የአፍንጫው ርጥበት፣ ጆሮው ላይ ያለችው መዥገር፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ይቆጠራል። ከጎድኑ በታች፣ ሆዱ ላይ፣ አንድ ጥቁር ነገር አለ።

ጥላ ነው። ከቅጠል የመጣ ጥላ ነው። እዚያ ጋ ዛፍ አልነበረም፤ ቢሆንም ጥላ ነው።

ማጥፋት ነበረብኝ። ጣቴን አድርሼ መለስኩት። እንዲህ ያለ ፎቶ እንዴት ይጠፋል?

ጁላይ 19፣ እሑድ

ጄሊታ እራት ላይ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ እያቀረበች «ከነገ ወዲያ ሣር አጨዳ ልንሄድ ነው፤ እናቴ ሴቶቹን ሰብስባለች» አለችኝ።

«የት?»

«የት ይሆናል? ረግረጉ ጋ ነዋ። ሌላ የት እንዲህ ያለ ሰንበሌጥ አለ?»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ መለስኩት። «አንቺ አትሄጂም» አልኩ።

«ለምን ሲባል?»

«ሆድሽ...»

«እናቴ እኔን ማሳ ላይ ነው የወለደችኝ። ካምፕ ገብተህ የነጭ ሚስት ያገባህ መሰለህ እንዴ?»

እባብ አለ አልኳት። ሙቀቱ አልኳት። በመጨረሻ ሕልም አይቻለሁ ብዬ ዋሸኋት። ሕልም ታምናለች። እሺ አልሄድም አለች።

ዕፎይ አልኩ። እናቷስ? ብዬ የጠየቅኩት ራሴን መተኛዬ ላይ ነው። እናቷን እኔ ማናገር አልችልም፣ ክልክል ነው። ደግሞስ ጥላ ነው። ጎሽ ሰፊ አገር አለው፤ እስካሁን ከተራራው ማዶ ደርሷል።

ጁላይ 29፣ ረቡዕ

ከተራራው ማዶ አልደረሰም።

አንድ ዓሣ ነጋዴ ከጎሹ ሸሽቶ ብስክሌቱን ጥሎ ዛፍ ላይ አደረ። ጠዋት ሰዎች አወረዱት። ብስክሌቱ እንደ ሽቦ ተጠምዝዟል። ቢዜክ ከወባው ተነሥቶ ዱካውን ሊያይ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። አለመከተል አልቻልኩም።

አጎንብሶ ብዙ ቆየ። «አንድ ኋላ እግሩን ይጎትታል» አለ። «ብቻውን ነው። መንጋው ትቶታል። ቆስሏል ይሄ።»

«ምን አቆሰለው?» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ሕገ ወጥ አዳኞች ናቸዋ። ውሻ ናቸው እነሱ፤ ተኩሰው ይሄዳሉ፣ ቂሙን ለኛ ይተዉታል።» ምራቁን ተፋ። «ምነው አመድ መሰልክ አንተ ልጅ? ዓሣ ነጋዴው ነው ዛፍ ላይ ያደረው እኮ።»

ሳቅኩ። ለካሜራ እንደሚስቅ ሰው ጥርሴን አሳየሁት።

ኦገስት 4

ላክሰንን ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት። «ያን ቀን ደም አይታችኋል?»

ጎማ እየነፋ ነበር፤ ቀና አላለም። «ልጆች አሉኝ፣ ዮታም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ኦገስት 6፣ ሐሙስ

አዲስ እንግዳ፣ ቀጭን፣ የጥርስ ሐኪም ነኝ ይላል። ትልቅ አጋዘን ጣለ። ቀንዱን ከሰማዩ ጋር አገናኝቼ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ስትል፣ ሁሉን እንደ ደንቡ አሰናድቼ አነሳሁ። ሁሉም ደብዝዟል። እውነተኛ ድብዘዛ።

ብዋና ላፕቶፑ ላይ አገላብጦ አየና «ምን ነካህ? ጠጥተሃል?» አለኝ።

«አልጠጣሁም።»

«እጅህን ዘርጋ።» ዘረጋሁ። እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ብዙ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ «ያን የጁላይ ፎቶ አጥፍተኸዋል አይደል?» አለ።

ደብዝዟል ስለው አምኖኝ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ጎበዝ ልጅ። ቁስል ይድናል፣ ጎሽ ጠንካራ ነው። ለከርሞ ረዥም ሌንስ አመጣልሃለሁ።»

ቁስል አለ። ከሱ አፍ። ጥላ አላለም።

ኦገስት 15፣ ቅዳሜ

ለቢዜክ ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ላክሰን መጣ። አንዴ ራሱ ስለ ወጣትነቱ ቀልድ ጀመረ። አንዴ ግን ማንም አልመጣም፤ ምላሴ ነው የተሳሰረው። ብነግረው «ንፋሱን ያዞረው ማነው?» ይለኛል። ወደ ፀሐዩ እንዙር ያልኩት እኔ መሆኔን እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ?

ሴቶቹ ብስክሌቱን ካዩ ወዲህ አጨዳውን ትተው ነበር። አሁን «ብዙ ጊዜ አልፏል፣ ሄዷል» ይላሉ። ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ጣሪያው ክፍት ነው። መሄዱን ማን እንዳየ የሚናገር የለም።

ኦገስት 22፣ ቅዳሜ። ጠዋት

እዚሁ ግራሩ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። 

ከመንደር ወደ ካምፕ ስመጣ አገኘኋቸው። ሴቶቹ ተሰልፈው፣ ማጭድና ማሰሪያ ገመድ ይዘው፣ እየዘፈኑ። ፊት ፊት እሷ፣ አማቴ። መንገዱ ወደ ረግረጉ ነው እንጂ ወደ ሌላ አይወስድም።

አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። ከዚያ እግሬ ራሱ ከመንገዱ ወጣ። ፊቴ ራሱ ዞረ። ባርኔጣዬን አውልቄ አንገቴን ደፋሁ። እግሯ አለፈ፣ ጎባጣዋ ጣት፣ ከዚያ ቆመች። ለትንሽ ጊዜ ቆመች። የሆነ ነገር እንደያዘኝ የገባት ይመስለኛል። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከኋላዋ ያለችው ሴት «ወይ አማች! እንዲህ ያለ ጨዋ አማች ለሁላችን ይስጠን!» አለች። ሌሎቹ እልል አሉ። እሷም ሄደች።

ከኋላዋ ከነበሩት ለማንኛዋም መናገር እችል ነበር። ሌሎቹን ማናገር አልተከለከለም። ይህን አሁን ስጽፈው ነው ያሰብኩት። አይደለም፣ ያን ጊዜም አስቤዋለሁ።

ሮጬ ልከተላቸው ነው። ልነሣ ነው።

ያው ዕለት

ሳልደርስ ጩኸቱን ሰማሁ።

ኦገስት 23፣ እሑድ

አማቴ በሕይወት አለች። ጎሹ ዳሌዋንና ሆዷን ነው የወጋት። በሣር ማሰሪያ ገመዳቸው አልጋ ሠርተው ተሸክመው እስከ መንገዱ አወጧት፣ የካምፑ መኪና ወደ ሚሽኑ ክሊኒክ ወሰዳት። ሌሎቹን «ሩጡ» ብላ እሷ ኋላ ቀርታ ነው አሉ።

ብዋና ከቢዜክና ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ገብቶ ጎሹን ገደለው። ከዚያ በሬዲዮ እኔን ጠራ፣ ካሜራዬን ይዤ እንድመጣ።

ሄድኩ። ለምን ሄድክ የሚለኝ ካለ፣ ጠሩኝ፣ ሄድኩ።

ጥርስ ሐኪሙ ባርኔጣውን አስተካክሎ ከኋላው ተቀምጧል። ሰው የወጋ ጎሽ ነውና ፎቶው ለሱ ትልቅ ነገር ነው። ቢዜክ እንደ ልማዱ ሞቱን ሊያረጋግጥ በእንጨት ጫፍ ዓይኑን ነካ አደረገ፣ አልጨፈነም። ብዋና «ዮታም፣ ቀንዱን ጥረገው» አለኝ።

ቀኝ ቀንዱ ላይ ደም አለ። የጎሹ አይደለም። በጨርቅ ጠረግኩት። ቢዜክ ቆሞ ያየኛል፣ የእኅቱን ደም ስጠርግ። ውኃም ዓይኑ ላይ ጠብ አደረግኩ። እጄ ለምዶት ነው ያደረገው። ተንበርክኬ አነሳሁ።

ሥጋው ሲበለት ቢዜክ ከሆዱ ውስጥ መግል የከበበው ጥይት አወጣ። ለማንም አላሳየም፣ ኪሱ ከተተው። እኔ ግን ሲከት አየሁት፣ እሱም ሳየው አየኝ።

ማታ ቤቴ መጣ። አልተቀመጠም። ጥይቱን መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋልኝ። «የሌባ ጠመንጃ እንዲህ ያለ አይተኩስም። የካምፕ ነው። በወባዬ ጊዜ ነው። አንተ ነበርክ።»

ካሜራውን ከፍቼ ፎቶውን ሰጠሁት። ንፋሱን ያዞርኩት እኔ ነኝ አልኩት፣ ደብዝዟል ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩት። ጄሊታ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ቢዜክ ስክሪኑን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ረዥም ጊዜ አየ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ጥርት ያለ ነው» አለ። ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ከጥይቱ ጋር ኪሱ ከተተና ወጣ።

ኦገስት 26፣ ረቡዕ

ቢዜክ ካርዱንና ጥይቱን ይዞ የአገሩ አለቃ ጋ ሄዷል፣ ከዚያ ወደ አራዊት ጥበቃዎቹ። ብዋና አስጠራኝ፤ አልሄድኩም። በልጅነቴ ነጎድጓድ ሲመጣ አልጋ ሥር እገባ ነበር፤ አሁን የምገባበት የለኝም። ጄሊታ ክሊኒክ እናቷ ጋ ነች። አትመጣም፣ አትልክብኝም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ኦገስት 29፣ ቅዳሜ

ጄሊታ መጣች። ፊቷ አብጧል። ደጅ ቆማ «ዶሮህን ይዘህ ና ብላሃለች» አለችኝ።

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ካሜራህንም።»

ምርጧን ዶሮ ይዤ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ዶሮዋም እኔም እኩል ነው የተንቀጠቀጥነው። ጎሹ ፊት ስንበረከክ እንዲህ አልፈራሁም። ክሊኒኩ በር ላይ ነርሷ ክፍሉን በጣቷ አመለከተችኝ።

ገባሁ። የአልጋውን ግርጌ አየሁ። ከብርድ ልብሱ የወጣው የግራ እግሯ ነው፣ ጎባጣዋ ጣት።

«ዶሮዋን አስቀምጣት» አለች። ድምፁ ቀጭን ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያለችኝ የመጀመሪያ ቃል።

አስቀመጥኩ።

«ተቀብያለሁ። ቀና በል።»

አልቻልኩም።

«ያን ዕለት መንገዱ ላይ ቆሜልህ ነበር። ልትነግረኝ ፈልገህ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ?»

«ክልክል ነው ብዬ...»

«ክልክሉ እንድታከብረኝ ነው እንጂ እንድትቀብረኝ ነው እንዴ?» አሳላት፣ ጠበቅኩ። «ቢዜክ ፎቶውን አሳየኝ። ያን አውሬ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አይተኸዋል። ወንድሜ የሞተውን በሕይወት ያለ ታስመስላለህ ይላል። እኔ ሳልሞት አንሳኝ። ለቀብሬ ሰው የሚይዘው አንድ ፎቶ የለኝም፤ ከዳንኩም ግድግዳው ላይ ስቀለው፣ በገባህ በወጣህ ቁጥር እየው። እንደዚያ አውሬ አጥርተህ እየኝ።»

ቀና አልኩ። ጄሊታን ትመስላለች፣ ግን ዓይኖቿ የሷ ናቸው። ምሕረት አልነበረባቸውም፣ ጥላቻም አልነበረባቸውም። ያዩኛል፣ በቃ። ከዚያ ይልቅ ቢጠሉኝ ይሻል ነበር።

በመስኮቱ የገባው ብርሃን ጉንጯ ላይ አርፏል። ተንበረከክሁ፣ ካሜራውን ከዓይኗ ጋር እኩል አደረግኩ። እጄ መርገብገብ ጀመረ።

«ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ» አለች የዱካ አንባቢው እኅት። «አትቸኩል፣ አልሸሽም።»

ትንፋሼን ያዝኩ። ዓይኗ ውኃ አላስፈለገውም። ተጫንኩ።

ቤት ስገባ ፎቶውን አጎላሁት፣ ደግሜ አጎላሁት። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር እንደምጽፈው ስም መጻፍ ነበረብኝ፤ እንስሳው፣ አዳኙ፣ ቀኑ። ቀኑን ጻፍኩ። አዳኙ የሚለው ቦታ ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። ከዚያ የሷን።

ቴሌዛ።

አልደበዘዘም።